ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የምክትልነቱን ቦታ እንዴት ልጠይቅ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ሱፐርማርኬት ሦስት ዓመት የሠራች የሽያጭ ሠራተኛ ናት። የምትሠራው የወተት ተዋጽኦና የቀዝቃዛ ዕቃ ክፍል ነው። የክፍሉ ምክትል ኃላፊ በቅርቡ ለቋል። ከእሷ በኋላ የተቀጠረ፣ ዲግሪ ያለው ልጅ ለቦታው ስሙ እየተነሣ ነው። «አርፍጄ አላውቅም። ካሸር ሲጎድል ካሸር ነኝ፣ ስቶር ሲጨናነቅ ስቶር ነኝ። ምን አጎደልኩ? ባለቤቱን እንዴት ልጠይቃቸው? ቢሰጡኝስ አብረውኝ የሠሩትን ልጆች እንዴት ነው የማዛቸው? ደመወዙስ ያዋጣል?» ትላለች።

እህቴ፣ የማይጥምሽን አስቀድሜ ልንገርሽና እንገላገል። ሦስት ዓመት ብቻውን መከራከሪያ አይሆንም። አለማርፈድም እንደዚያው። ጥሩ የሽያጭ ሠራተኛ መሆንሽን ባለቤቱ ያውቃሉ። እንዲያውም አንዳንዴ የሚጎዳሽ ይኸው ነው። ሁሉን ቀዳዳ የምትደፍን ልጅ ብትነሣ ማን ይተካታል ብሎ የሚፈራ ባለቤት ብዙ ነው። ጎበዝ መሆንሽ ያለሽበት ቦታ ላይ ያስቀርሻል ማለት ነው።

ባለቤቱ ምክትል ሲፈልጉ በሆዳቸው የሚያሰላስሉት ሌላ ነው። «የክፍሉ ኃላፊ ቢታመም፣ እኔም ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ ብወርድ፣ ፍሪጁን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ?» ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ነው ቦታውን የሚያገኘው። ምን እንደቀረ፣ ምን ሊያልቅ እንደሆነ፣ ምን ሊበላሽ እንደተቃረበ ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው። አንቺ ደግሞ የምትሠሪው ይህን ለማሳየት በሚመቸው ክፍል ነው። የሳሙና መደርደሪያ ላይ ብትሆኚ ኖሮ ይከብድሽ ነበር። ሳሙና ቢረሳም አይበላሽም፤ እርጎ ግን ይበላሻል።

ከነገ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዢ። በሞባይልም ይሆናል፤ ግን ባለቤቱ ፊት የሚገለጥ ደብተር ሌላ ክብደት አለው። ጠዋት ፍሪጁን ስትሞዪ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ የቀረውን ብዛትና ቀድሞ የሚያልፈውን ቀን ጻፊ። ማታ ስትወጪ የተሸጠውንና የተጣለውን ጨምሪ። ከዚህ በላይ አታወሳስቢው። የላስቲኩ ፓስቸራይዝድ ወተት ዕድሜው የቀናት ስለሆነ በየቀኑ ይታያል። የካርቶኑ ዩኤችቲ፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት የታከመው ወተት፣ ወራት ስለሚቆይ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ቀኑና ወሩ የቱ ቀድሞ እንደተጻፈ አረጋግጪ። 08/03 ለአንዱ አምራች ማርች 8 ነው፣ ለሌላው ኦገስት 3። በእኛ አቆጣጠር ቀይረሽ ከጎኑ ብትጽፊው ሌሎቹም ልጆች አይሳሳቱም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንድ እርጎ በ90 ብር ገብቶ በ100 ይሸጣል እንበል። ትርፉ 10 ብር ነው። አንዱ ቀኑ ቢያልፍበት የሚጠፋው 90 ብር ነው። ያንን ለመመለስ ሌላ ዘጠኝ እርጎ መሸጥ አለበት፤ ዘጠኙ የሚሸጡት ደግሞ ለኪሳራው ነው፣ ለትርፍ አይደለም። አንድ ደርዘን ቢጣል 108 እርጎ በነጻ እንደመሸጥ ነው። ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው በ80 ብር ቢሸጥ ግን ኪሳራው 10 ብር ብቻ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ ቀኑ ያለፈበትን አንሥቶ ስቶር ጥግ ያስቀምጥና ይረሳዋል። አንቺ «ጋሼ፣ እነዚህ ስምንት እርጎዎች እስከ ዓርብ ነው ያላቸው፤ ዛሬ ዋጋ ቀንሰን ብናወጣቸውስ?» ስትዪ ግን እየተናገርሽ ያለሽው በባለቤቱ ቋንቋ ነው። ይህን አንድ ወር ብታደርጊ ሌላ የምስክር ወረቀት የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዕቃ ማዘዝ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሠራተኛና ኃላፊ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። ሠራተኛ «አልቋል» ይላል። ኃላፊ «ሊያልቅ ነው» ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው። የዱቄት ወተት በቀን አራት ይሸጣል እንበል። ካዘዛችሁ በኋላ ለመድረስ አምስት ቀን ይፈጃል። ለመጠባበቂያ ሦስት ቀን ጨምሪ። አራት በስምንት 32። የቀረው 32 ሲደርስ ይታዘዛል ማለት ነው። መጠባበቂያውን አትናቂው። ብዙው የታሸገ ዕቃ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ጎንደር የሚገባው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ አምስቱ ቀን አሥር ይሆናል። የምታውቂውን የመንገድ ሁኔታ እያየሽ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ አድርጊው።

የጎንደር ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ በቀን መቁጠሪያው ነው የሚኖረው። ይህን ዲግሪ ያለውም ልጅ ክፍል ውስጥ አልተማረውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል የሚገዛው ሰው በአንድ ሌሊት ይቀንሳል። ከቅበላው በፊት ባለው ሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ ማዘዝ አለባችሁ። ግን ፍሪጁን ባዶ ማድረግ ስሕተት ነው። ሕፃን ያለው ቤት ወተት ይገዛል፤ ሙስሊም ደንበኞችም አሉ። ባለፈው ጾም ስንት እንደተሸጠ የሚያውቅ ሰው ካለ ግማሹ ችግር ተፈቷል። ከሌለ ዘንድሮ አንቺ ጻፊው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1። የረቡዕና የዓርቡም ልዩነት ደብተርሽ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። ረቡዕ ጠዋት ሙሉ የወተት ጭነት የሚያስገባ ሱቅ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ምናልባት መኪናው የሚመቸው ረቡዕ ስለሆነ ብቻ ነው።

ጥምቀት ደግሞ ለብቻው ነው። ጥር 10 እና 11 ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ከፋሲለደስ መዋኛ የሚመለስ ሰው ፒያሳ ሲደርስ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ነው፤ ማዮኔዝ አይደለም። ለእነዚያ ቀናት ከፍሪጁ የትኛው መደርደሪያ ለውሃ እንደሚለቀቅ አስቀድመሽ ሐሳብ ብታቀርቢ ባለቤቱ አይረሱትም።

መብራትንም አልተውም። መብራት ሲሄድ ፍሪጁ ካልተከፈተ ውስጡ ያለው ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት ሁለት ቀን ገደማ ይይዛል፤ ግማሽ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን። ወተት 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 መሆን አለበት። ርካሽ ቴርሞሜትር ፍሪጁ ውስጥ እንዲገባ ጠይቂ። መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ አስፍሪ። ጀነሬተሩ መቼ መነሣት እንዳለበት በግምት የሚወስን ሱቅ ወይ ናፍጣ ያባክናል ወይ ወተት ይደፋል።

ስለ ልጁ። ዲግሪው ቀላል ነገር አይደለምና አታጣጥዪው። በተለይ ባለቤቱ ፊት ስሙን በክፉ እንዳታነሺ፤ ወዲያው ቅናት ይመስላል። ኤክሴል ይችል ይሆናል፣ ሪፖርት ይጽፍ ይሆናል። አንቺም መደመርና በቀን ቅደም ተከተል መደርደር ከቻልሽ ለክፍሉ ይበቃል። ኤክሴሉን ደግሞ ከማንኛውም ጓደኛሽ በጥቂት ምሽት ትማሪዋለሽ። ከፈለግሽ በኋላ በኤክስቴንሽን መማር ትችያለሽ። ለዚህ ቦታ ብለሽ ግን አትጠብቂ፤ ቦታው አንቺ እስክትመረቂ ክፍት ሆኖ አይቆይም። ልጁ የባለቤቱ የሥጋ ዘመድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙው ሱቅ የቤተሰብ ነው። እንዲህ ከሆነ ደብተርሽ የሚያሸንፈው ዘመዱ ክፍሉን ሲያከስር ብቻ ነው። ያንንም እያወቅሽ ግቢበት።

ወደ አጠያየቁ። በመጀመሪያ የክፍሉን ኃላፊ ዘለሽ እንዳትሄጂ። የምክትሉ ቦታ ማለት የእሱ ቀኝ እጅ ማለት ነው፤ ከኋላው የሄድሽ ከመሰለው በሩን የሚዘጋብሽ እሱ ነው። «ቦታውን መጠየቅ ፈልጌያለሁ፤ አንተ ምን ትላለህ?» በይው። ካልደገፈሽም ቢያንስ አልተደበቅሽበትም።

ከዚያ ባለቤቱ። በዓል ዋዜማ ወይም ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አትጠይቂ። የዕለቱ ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የሚያወጣው የቀኑ ድምር፣ ከካዝናው ጋር አልገጥም ባለበት ሰዓት ስለ እድገት የሚሰማ ጆሮ የለም። በሳምንቱ መሀል፣ ጠዋት፣ ሱቁ ጸጥ ሲል ቀጠሮ ያዢ። «ጋሼ፣ ከተመቸዎት ሐሙስ ጠዋት አሥር ደቂቃ ይስጡኝ። ስለ ክፍሉ የያዝኩትን ላሳይዎት ነበር» ብትዪ ይበቃል። ስትገቢ «ሦስት ዓመት ሙሉ» ብለሽ አትጀምሪ። ደብተሩን ግለጪው። በወሩ ምን እንደተጣለ፣ በስንት ብር፣ ምን ቢደረግ እንደሚቀንስ አሳዪ። እንዲህ ጨርሺው፦ «የምክትሉ ቦታ ክፍት ነው። ትዕዛዙንና የቀን ቁጥጥሩን ለሁለት ወር እኔ ልያዘው። የሚጣለው ካልቀነሰ ወደ ቦታዬ ይመልሱኝ።» ይህ ለባለቤት ቀላል ውሳኔ ነው። ቢያጡ የሚያጡት ትንሽ ነውና።

ግን ሙከራው መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ይኑረው፤ በደብዳቤም ይጻፍ። «እስኪ ሥሪና እናያለን» ተብሎ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ጭማሪ የምክትል ሥራ የሚሠራ ሰው ከተማው ውስጥ አይጠፋም።

አሁን የሚያስፈራሽ ጉዳይ፣ ልጆቹ። ትናንት አብረሻቸው አንድ ትሪ ላይ ምሳ የበላሽ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ድምፅሽን መቀየርም፣ ከምሳው መሸሽም አያስፈልግም። ቅያሜ የሚነሣው ከሦስት ቦታ ነው። ከፈረቃ፣ ከእጥረት ዕቃና ከማርፈድ።

የበዓል ፈረቃ ማን እንደሚገባ ሁልጊዜ ያጣላል። የመጀመሪያውን ጥምቀት ወይም ፋሲካ አንቺ ግቢ። ከዚያ በኋላ ተራው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚህ ወዲያ ማንም «ለእሷ አደላሽ» አይልሽም። ቢልም ወረቀቱ ይመልስለታል።

እጥረት ዕቃ የባሰ ነው። ስኳር ወይም ዘይት ጠፍቶ ሲገባ «ሁለት ደብቂልኝ» የሚል መልእክት ከሠራተኛም ከጎረቤትም ከአክስትም ይመጣል። አንዴ ከደበቅሽ አለቀልሽ። ለሠራተኛ ይፈቀዳል ከተባለ ስንት እንደሆነ ባለቤቱ ይወስኑ፤ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ በደረሰኝ ይወሰድ። ለአክስትሽ «ሕግ ወጥቷል» በያት። ትቀየማለች፤ ለፋሲካ ትታረቂያታለሽ።

ለሚያረፍድ ሰው ደግሞ የዚያኑ ቀን፣ ለብቻው፣ ስቶር ውስጥ ተናገሪ። ደንበኛ ፊት ወይም ካሸሮቹ እየሰሙ አይሆንም። ያየሽውን ብቻ በይ። «ዛሬ 1:30 ነው የገባሽው። ፍሪጁን ብቻዬን ሞላሁት። ነገ 1 ሰዓት ላይ እጠብቅሻለሁ።» በቃ። «አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» ካልሽ ወሬው ስለ ሰዓት መሆኑ ይቀርና ስለ ጸባይ ይሆናል። የጸባይ ክርክር ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ስለ ገንዘቡ ጠይቀሻል። የደመወዝ ጭማሪ በጥቅሉ ሲነገር ያምራል፤ እጅሽ የሚገባውን አስዪ። ምሳሌ ልስጥሽ። ከ7,000 ብር ወደ 9,000 ከፍ አልሽ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጣዩ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 10,000 ድረስ 25 በመቶ ነው። ጡረታ ከአንቺ 7 በመቶ ይቆረጣል። 7,000 ሲሆን 5,610 ብር እጅሽ ይገባል። 9,000 ሲሆን 6,970። ሁለት ሺው ጭማሪ በተግባር 1,360 ብር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አለ። የትርፍ ሰዓት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ የሠራሽው በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። 7,000 ብር ደመወዝ በሰዓት ሲሰላ 33 ብር ከ65 ሳንቲም አካባቢ ነው። በወር 20 ሰዓት ትርፍ የምትሠሪ ከሆነ ከግብር በፊት ወደ 1,010 ብር ነው። አንዳንድ ባለቤት ምክትል ሲያደርግሽ «አሁን ኃላፊ ሆነሻል፤ ትርፍ ሰዓት የለም» ይላል። እንዲህ ከሆነ የጭማሪው ግማሽ በነነ ማለት ነው።

ትክክል ናቸው ወይ? «የሥራ መሪ» በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ስሙ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግሽም። የሚታየው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን፣ ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን በእርግጥ ተሰጥቶሻል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ሥራሽ ምን እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ። የሥራ መሪ ናት የሚሉሽ ከሆነም የትርፍ ሰዓቱ ነገር በደመወዙ ውስጥ ይታሰብልኝ ብለሽ አሁኑኑ ተደራደሪ፤ ከፈረምሽ በኋላ ይከብዳል።

ከሁሉ በላይ የማሳስብሽ ርክክብ ነው። ሳይቆጠር አትረከቢ። የለቀቀው ምክትል ምን ጉድለት ትቶ እንደሄደ ማን ያውቃል? ክፍሉን በተረከብሽበት ቀን አንቺ፣ የክፍሉ ኃላፊና ስቶር ኪፐሩ ሆናችሁ ዕቃውን ቁጠሩ። የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ከቢን ካርዱ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ይጻፍ፤ ሦስታችሁም ፈርሙ፤ አንድ ቅጂ ቤትሽ ይግባ። ይህ ወረቀት ከሌለ የአምናው ጉድለት ዘንድሮ በስምሽ ይወጣል። ከሠራተኛ ደመወዝ ለጉድለት እንዲሁ መቁረጥም አይቻልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው የሚቆረጠው። ያም ሆኖ ባንድ ጊዜ ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «ለማንኛውም ጉድለት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልሽ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አትፈርሚ። ቤት ወስደሽ አንብቢው።

«እናያለን» ቢሉሽስ? መቼ እንደሆነ ቀን ጠይቂ። «ከፋሲካ በኋላ ልመለስ?» ማለት ድፍረት አይደለም። ልጁን ከሾሙትም አኩርፈሽ ደብተሩን እንዳትጥዪው። ለልጁ ስጪውና ትዕዛዙን አብረን እንሥራ በይው፤ ከትዕዛዝ ጋር የተያያዘ ሰው በቀላሉ አይታለፍም። ስድስት ወር አልፎ ምንም ካልተቀየረ ሌላም ሱቅ አለ። ማራኪ ሰፈርም አዘዞም አለ። ያኔ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቂ። ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት፤ የግድ እስክትለቂ አትጠብቂም። የሥራው ዓይነት ሲጻፍ «የሽያጭ ሠራተኛ» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር። ትዕዛዝ ማዘጋጀት፣ ቆጠራና የመጠቀሚያ ጊዜ ቁጥጥር ትሠራ ነበር ተብሎ እንዲጨመርልሽ ጠይቂ። የምትሄጂበት ሱቅ ባለቤት ቀድሞ የሚያነበው እሱን ነው።